ሺህ ቃል ከመሸምደድ አንድ ገጽ ማንበብ

ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሙቀቱ ቶሎ አይለቅም። ወንበሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ በስልኩ ፒዲኤፍ የሚያገላብጥ አንድ ወጣት መምህር ይታሰብ። ፒዲኤፉ ብዙ መቶ ገጽ ነው። በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል ፍቺው ተደርድሯል። ትናንት ሠላሳ ቃል ሸምድዶ ተኝቷል፤ ዛሬ ከሠላሳው የሚያስታውሰው አሥሩን አይሞላም። ነገ ደግሞ ሌላ ሠላሳ ይጠብቀዋል።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። ከደብረ ሲና ቁልቁል እስከ አጣዬ ባለው የይፋት ቆላ፣ በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ሁለተኛውን የሚያስቡ ወጣቶች ይህን ምሽት ያውቁታል። በመካከል የቆመው በር ሀገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ በተለምዶ «ጋት» የሚባለው ነው። ከበሩም ብዙዎችን አላስገባ የሚለው መቀርቀሪያ «ቨርባል» የተባለው ክፍል ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። የቨርባል ውጤት በቃላት ዝርዝር አይነሳም፤ የሚነሳው በንባብ ነው። ይህ ደግሞ ሁለት ባለዕዳ አለው። አንዱ ፒዲኤፉን የሚሸመድደው ተፈታኝ ነው። ሁለተኛው፣ ዕዳው የሚከብደው፣ ሳያስነብብ የሚፈትነው ሥርዓት ነው።

በሩ እንዴት ተሠራ?

ቀደም ሲል ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ አመልካቾችን የሚቀበሉት በየራሳቸው መንገድ ነበር። አንዱ በትምህርት ክፍል ፈተና፣ ሌላው በቃለ መጠይቅ፣ ሌላው በውጤት ብቻ ይመርጥ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ጋት ማዘጋጀት ጀመረ። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ፈተናው ሀገር አቀፍ ሆነ። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። በዘመድና በትውውቅ የሚገባበትን ቀዳዳ ያጠባል፤ ሸዋ ሮቢት ያለውም አዲስ አበባ ያለውም ለአንድ ወንበር በአንድ መስፈሪያ ይለካል።

ፈተናው የሚመዝነው የተማሩትን የሙያ ትምህርት አይደለም። በቁጥር ማሰብን፣ በትንተና ማሰብን እና በቋንቋ ማሰብን ነው። የቁጥሩን ክፍል የሚፈራ ሰው ቀመር ከልሶ፣ ልምምድ ሠርቶ በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ያያል። የትንተናውም እንዲሁ ዘዴው ይለመዳል። ቨርባሉ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ዓመታት የፈጀ የንባብ ልማድ ይጠይቃል። ዓመታቱ ያመለጡት ሰው አቋራጭ ይፈልጋል፤ አቋራጩም ያ ፒዲኤፍ ነው።

ፒዲኤፉ ለምን አያሳልፍም?

በየቴሌግራሙ የሚዘዋወሩት የቃላት ዝርዝሮች አብዛኞቹ መነሻቸው የአሜሪካው ጂ አር ኢ ነው። ጂ አር ኢ በአንድ ወቅት ተቃራኒ ቃል እያወጡ መመለስን ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዘመን ብርቅ ቃል መሸምደድ በእርግጥ ነጥብ ያመጣ ነበር። ይሁንና አዘጋጁ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የተቃራኒ ቃልና የዝምድና ጥያቄዎችን ከፈተናው አውጥቶ፣ ክብደቱን በምንባብ ላይና ቃልን በዐውዱ በመረዳት ላይ አደረገ። ዝርዝሮቹ ግን ከእነአቧራቸው ዛሬም ይሸጣሉ፤ ይጋራሉ።

ለሀገር ውስጡ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው «የእኛው እኮ ይለያል» ሊል ይችላል። በ12ኛ ክፍል የስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ ፈተና የተቀመጠ ሁሉ የዝምድና፣ የተቃራኒና ዐረፍተ ነገር የማሟላት ጥያቄዎችን ያውቃል። እነዚህ ሲመጡም የቃሉን ፍቺ ማወቅ የመጀመሪያው ደረጃ እንጂ መልሱ አይደለም።

ምሳሌ በአማርኛ ይታይ። «ማሾ ለጥራጥሬ እንደሆነ፣ ማሽላ ለምን ነው?» ምርጫዎቹ፦ ለእንጀራ፣ ለእርሻ፣ ለብርዕ እህል፣ ለገበያ። አራቱም ቃላት ለይፋት ሰው የዘወትር ቃላት ናቸው፤ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ የለም። የማሽላ እንጀራ እየበላ ያደገ ሰው ግን እጁ ወደ «እንጀራ» ሊሮጥ ይችላል፤ ሁለቱ በአእምሮው ጎን ለጎን ስላሉ። ትክክለኛው መንገድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ግንኙነት በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ነው፦ «ማሾ የጥራጥሬ ዓይነት ነው።» ከዚያ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በማሽላ ላይ ማዋል፦ «ማሽላ የብርዕ እህል ዓይነት ነው።» መልሱ ወጣ። ያስገኘው የቃል ብዛት ሳይሆን ግንኙነቱን መሰየም መቻል ነው።

ዐረፍተ ነገር ማሟላትም እንዲሁ ነው። «ዝናቡ ዘግይቶ ቢገባም የዘንድሮው የማሾ ምርት ___ ነበር።» እዚህ ላይ ቁልፉ «ቢገባም» ነው። ከእርሱ በኋላ ከተጠበቀው የተገላቢጦሽ ይመጣል፤ ስለዚህ ባዶው ቦታ «ጥሩ» ወደሚል ትርጉም ይሄዳል። በእንግሊዝኛው ይህን ሥራ የሚሠሩት «ኦልዞው»፣ «ዲስፓይት»፣ «ሃውኤቨር» የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ ማያያዣዎች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ማንም ተመራቂ ያውቃቸዋል። ሦስት ሺህ ብርቅ ቃል የሸመደደ ሰው ግን ዓይኑ ብርቅ ቃል ሲፈልግ በእነዚህ ላይ ዘሎ ያልፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ምንባቡ ነው። ተፈታኝ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ምንባቡ ስላልገባው ሳይሆን፣ ምንባቡ ያላለውን ስለሚጨምርበት ነው። ጥያቄው «ከጽሑፉ ምን መረዳት ይቻላል?» ሲል፣ ተፈታኙ በዓለም ላይ እውነት የሆነውን ይመርጣል። ጽሑፉ «አንዳንድ ጊዜ» ያለውን ምርጫው «ሁልጊዜ» አድርጎ ሲያቀርበው ልዩነቱን አያስተውልም። እዚህ ላይ የጥንቱ የሙግት ባህል ትምህርት አለው። በ«በልሃ ልበልሃ» ዘመን ተሟጋች የባላጋራውን ቃል አጥብቆ ይይዝ ነበር፦ ምን አለ? በምን አስረዳ? ያላለውስ ምንድን ነው? ምንባብም የሚጠይቀው እነዚህኑ ሦስቱን ነው።

ችግሩ ከየት መጣ?

«ወጣቱ አያነብም» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም።

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አደረገ። ይህ ትክክል ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆናል። በአማርኛ ያሰበው ልጅ በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ባዮሎጂና ታሪክ ይሻገራል ተብሎ ይጠበቃል። ድልድይ የሚሆነው የንባብ መጽሐፍ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ በቋንቋው የሚተማመን መምህር በበቂ አልተዘረጋም። በ1997 ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጣው የፕላዝማ ትምህርት ክፍተቱን እንዲሞላ ታስቦ ነበር። በቴሌቪዥን መስኮት በፈጣን እንግሊዝኛ የሚያስተምረው መምህር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ አያየውም።

ውጤቱ በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ታየ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። እየተሻሻለ ነው፤ ነገር ግን ከአሥር ዘጠኙ አሁንም ከመስመሩ በታች ነው። ጋት ላይ የሚቀመጠው ወጣት በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ነው። ቨርባሉ ያንን ጉድለት አልፈጠረውም፤ ገለጠው እንጂ።

በይፋት ቆላ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። የመግቢያ ፈተናው ሀገር አቀፍ ሆኖ የጀመረው ወዲያው በተከተለው በ2016 የትምህርት ዘመን ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት፣ ፈተናው በኮምፒውተር ነው። የሸዋ ሮቢት አመልካች ወደ ደብረ ብርሃን ለመውጣት ከቆላው ተነሥቶ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጓዛል። መንገዱ በተዘጋ ቀን ዝግጅቱ ምንም ያህል ቢሆን ዋጋ የለውም።

የሚጎዳው አመልካቹ ብቻ አይደለም። ማሾ ከቆላው ወደ ውጭ ገበያ የሚላክ ሰብል ነው። የመስኖ ሽንኩርት፣ የወባ፣ የዝናብ እጥረት ጥያቄዎች ምርምር ይፈልጋሉ። ማሳውን በእግሩ የሚያውቀው የግብርና ባለሙያ፣ የወባ ታማሚን በየቀኑ የሚያየው የጤና መኮንን በቨርባል ነጥብ ምክንያት ከደጅ ከቀሩ፣ ስለ ይፋት የሚጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ ይፋትን በመኪና መስኮት ያየ ሰው ይጽፈዋል።

ተፈታኙ ከዛሬ ጀምሮ ምን ያድርግ?

ሥርዓቱ እስኪስተካከል የሚጠብቅ ሰው ፈተናው ያልፈዋል። ሦስት ወር ያለው ሰው ግን በሥራ ላይ ሆኖም ብዙ ማድረግ ይችላል።

አንደኛ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጽሑፍ ያንብብ፤ ዝርዝር ሳይሆን አንቀጽ። ኢትዮጵያን ሄራልድ በእንግሊዝኛ በየዕለቱ የሚወጣ ጋዜጣ ነው። አዲስ ፎርቹን የኢኮኖሚ ትንታኔ ያወጣል። ሪፖርተር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይታተማል፤ አንድን ጉዳይ መጀመሪያ በአማርኛ አንብቦ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ማንበብ ከማንኛውም የቃላት ዝርዝር የበለጠ ቃል ያስጨብጣል። ምክንያቱም ሐሳቡ አስቀድሞ ስለሚታወቅ አእምሮ ቃሉን ከቦታው ጋር አያይዞ ያስቀምጠዋል። ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት አሥር ጽሑፍ አውርዶ ማስቀመጥ ለቀሪው ሳምንት ይበቃል። ስልክ ባይኖር እንኳ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መማሪያ ምንባቦች የሚናቁ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ ስልኩን ገልብጦ በአማርኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፦ ጸሐፊው ምን አለ? በምን ደገፈው? መጻፍ ካቃተው ምንባቡን አላነበበውም ማለት ነው፤ ዓይኑ ብቻ ነው ያለፈበት።

ሦስተኛ፣ ቃላትን በቤተሰብ ይማር። አማርኛ ተናጋሪ ይህን በደሙ ያውቀዋል፦ ፈረደ፣ ፍርድ፣ ፈራጅ፣ ተፋረደ፣ ፍርደኛ። አንዱን ሥር ያወቀ አምስቱን ያውቃል። እንግሊዝኛም ከላቲንና ከግሪክ የወረሳቸው ሥሮች አሉት። «ማል» መጥፎነትን ያመለክታል። የጤና ባለሙያ «ማልኒውትሪሽን»ን ያውቃል። ለሸዋ ሮቢት ቤተኛ የሆነው «ማላሪያ» ራሱ በጣሊያንኛ «መጥፎ አየር» ከሚል የመጣ ነው። «ቤኔ» ደግሞ መልካምን ያመለክታል፤ «ቤኔፊት» የዚያ ልጅ ነው። አርባና ሃምሳ ሥር በደንብ መያዝ፣ ያልታየ ቃል ሲመጣ ቢያንስ ወደ በጎ ወይም ወደ ክፉ ያጋድል እንደሆነ ለመገመት ያስችላል። ብዙ ጊዜ ከአራት ምርጫ ሁለቱን ለመጣል ይህ ይበቃል።

አራተኛ፣ የስህተት ደብተር ይያዝ። ልምምድ ሠርቶ ስንት እንዳገኘ ብቻ የሚቆጥር ሰው አይሻሻልም። እያንዳንዱ ስህተት ከአራት ዓምድ በአንዱ ይግባ፦ ቃሉን አላወቅሁም፤ ማያያዣውን አላየሁም፤ ጽሑፉ ያላለውን ጨመርሁ፤ ሰዓት አለቀብኝ። ሁለት ሳምንት ከተሠራ በኋላ የትኛው ዓምድ እንደሞላ ይታያል። ከሞላው የመጀመሪያው ዓምድ ካልሆነ፣ ፒዲኤፉ መድኃኒቱ እንዳልነበረ ደብተሩ ራሱ ይመሰክራል።

አምስተኛ፣ በሰዓት ይለማመድ። ወደ ውጭ ለማመልከት ጂ አር ኢ የሚወስድ ሰው ከመስከረም 2016 ወዲህ ፈተናው ማጠሩን ይወቅ፤ ቨርባሉ 27 ጥያቄ በ41 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ። አዘጋጁ ድርጅት በነጻ የሚሰጣቸው የልምምድ ፈተናዎችም አሉ። ለሀገር ውስጡም ቢሆን በስልክ ሰዓት ተሞልቶ ያልተሠራ ልምምድ ግማሽ ልምምድ ነው።

ስድስተኛ፣ ብቻውን አያጥና። ሦስት አራት ሆነው፣ አንዱ ለምን «ሐ» እንደመረጠ ለሌሎቹ በአማርኛ ማስረዳት አለበት። ማስረዳት ያልቻለ መልስ ትክክል ቢሆንም የዕድል ነው። «የተረጋገጠ የጋት ጥያቄ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቀውን ሻጭ ደግሞ ቡድኑ በአንድ ድምፅ ይለፈው። ያ ገንዘብ ለዳታ ይሻላል።

መንግሥትስ?

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። «ይህ ፈተና የሚለካው ማሰብን ሳይሆን እንግሊዝኛን ነው» ይላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ቨርባሉ ሁለት ነገር በአንድ ሚዛን ይመዝናል፤ በቋንቋ የማመዛዘን ችሎታንና የእንግሊዝኛ ዕውቀትን። ውጤቱ ዝቅ ሲል የትኛው እንደጎደለ አይታወቅም። በእስራኤል ለመጀመሪያ ዲግሪ መግቢያ የሚሰጠው የፕሲኮሜትሪ ፈተና ሁለቱን ለያይቷቸዋል። የቃልና የቁጥር ማመዛዘንን ተፈታኙ በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛ ወይም በሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ይፈተናል፤ እንግሊዝኛው የራሱ ክፍልና የራሱ ነጥብ አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቋንቋው ብዙ ስለሆነ ይህን እንዳለ መቅዳት አይቻል ይሆናል። መለየቱ ግን ይቻላል። የእንግሊዝኛ ጉድለት በአንድ ሴሚስተር የማጠናከሪያ ትምህርት ይታከማል፤ ስለዚህ ሰውን እስከነአካቴው ከደጅ ሊመልስ አይገባም።

ግማሹ እውነት ያልሆነው ደግሞ ይህ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ የገባ ሰው የሚያነባቸው የምርምር መጽሔቶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። ማንበብ ሳይችል ቢገባ ወድቆ የሚገኘው በሩ ላይ ሳይሆን መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከሌላ ሰው ጽሑፍ መገልበጥ ይጀመራል። ስለዚህ ፈተናውን ማስቀረት መፍትሔ አይደለም። መፍትሔው የሚፈትኑትን ማስተማር ነው።

የሚያስፈልገው ሰማይ የሚያህል በጀት አይደለም። ያለፉ ጥያቄዎች ከነማብራሪያቸው በነጻ በይፋ ይውጡ፤ የሻጩ ገበያ በዚያው ይዘጋል። ውጤት በየክፍሉ ተለይቶ፣ ከነድክመቱ ለተፈታኙ ይነገር። መንገድ በተዘጋበትና ኢንተርኔት በተቋረጠበት አካባቢ ያለ አመልካች ሌላ የፈተና ቀን ይኑረው። ከተሞች ውስጥ ያሉ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከሥራ ሰዓት በኋላ ለመምህራንና ለሠራተኞች ክፍት ይሁኑ፤ በቅርብ ያለው ዩኒቨርሲቲም በክረምት የንባብ ሥልጠና ይስጥ።

ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሰንበቴ እሑድ እሑድ ገበያዋ ይደራል። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው እዚያ ይገናኛሉ። በመካከላቸው የሚቆመው ደላላ ከሻጩ ንግግር የተባለውን ካልተባለው ይለያል፤ «ይሁን» ሲል እሺ ማለቱ ይሁን ማምረሩ ያውቃል። በዚያ ገበያ ላደገ ሰው በቋንቋ ማመዛዘን ባዕድ አይደለም። የጎደለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ ፊት በቂ ሰዓት መቀመጥ ነው።

በረንዳው ላይ ያለው መምህር ዛሬ ማታ ፒዲኤፉን ይዝጋው። አንድ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ይክፈት፤ ያንብብ፤ ስልኩን ገልብጦ ሁለት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ይጻፍ። ነገም እንዲሁ። ከሦስት ወር በኋላ ዘጠና ገጽ አንብቦ ወደ ደብረ ብርሃን ዳገት ይወጣል፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ እንዲጠብቀው ማድረግ ደግሞ የእርሱ የቤት ሥራ አይደለም።